የማይሳሳተው ሰዓት ሲሳሳት

የስበት ሞገድ ሲነሣ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው 2015 ነው። በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 14 ቀን ላይጎ የተባሉት ሁለት የአሜሪካ መሣሪያዎች የሁለት ጥቁር ጉድጓዶችን ግጭት መዘገቡ። ዜናው በሚቀጥለው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ሲነገር ጋዜጣው ሁሉ “አንስታይን ልክ ነበር” አለ። ነገር ግን የስበት ሞገድ መኖሩን የሚመሰክር ማስረጃ ከዚያ 37 ዓመት ያህል ቀድሞ፣ በዲሴምበር 1978፣ ሙኒክ ላይ በተደረገ የሳይንስ ጉባኤ ቀርቧል። ያቀረበው ጆሴፍ ቴይለር ነው፤ ማስረጃውንም ያገኘው ሰዓት እየጠበቀ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሙያው የፐልሳርን ትርታ በጊዜ መለካት ነው። ፐልሳር በፍጥነት የሚሾር የኒውትሮን ኮከብ ነው፤ ከፀሐይ የሚበልጥ ክብደት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ኳስ ውስጥ ታምቆ ይገኝበታል። ከመግነጢሳዊ ዋልታው የሚወጣው የራዲዮ ጨረር ኮከቡ በዞረ ቁጥር ምድርን ዳብሶ ያልፋል፤ በቴሌስኮፕ የሚደመጠውም ያ ነው። ኮከቡ እጅግ ከባድ በመሆኑ አዟዟሩን በቀላሉ የሚያዛንፈው ነገር የለም። ስለዚህ የሙያው ሰው ትርታዎቹ መቼ እንደደረሱ ይመዘግባል፤ መድረስ ከነበረባቸው ጊዜ ጋርም ያስተያያል። ሲሰሙት አሰልቺ ይመስላል፤ አሰልቺም ነው። ችሎታው የሚለየው ልዩነት በተገኘ ጊዜ ነው።

የመጀመሪያዋን ልዩነት ያየችው ጆሴሊን ቤል ነበረች። በ1967 የካምብሪጅ የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። ከ2,000 በላይ ትንንሽ አንቴናዎች በምሰሶና በሽቦ የተዘረጉበትን ቴሌስኮፕ ከባልደረቦቿ ጋር በእጇ ከሠራች በኋላ፣ በቀን 30 ሜትር ያህል የሚወጣውን የመመዝገቢያ ወረቀት በዓይኗ ትመረምር ነበር። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል የምትሆን እንግዳ ጭረት ዓይኗን ያዘቻት። ጭረቷ በየቀኑ አራት ደቂቃ ያህል እየቀደመች ትመለሳለች። የመኪና ሞተርም ሆነ የፋብሪካ ማሽን እንዲህ ያለ ልማድ የለውም፤ በየቀኑ አራት ደቂቃ ቀድመው የሚወጡት ከዋክብት ናቸው። ኖቬምበር 28 ቀን ፈጣን መመዝገቢያ ሲገጠም ጭረቷ በየ1.337 ሴኮንዱ የምትደጋገም ትርታ ሆና ተገኘች። ቤልና አማካሪዋ አንቶኒ ሂዊሽ በቀልድ “ትንንሽ አረንጓዴ ሰዎች” አሏት።

ግኝቱ በፌብሩዋሪ 1968 ኔቸር መጽሔት ላይ ሲታተም ቴይለር በሃርቫርድ ዶክትሬቱን ገና መጨረሱ ነበር። ያደገው በኒው ጀርዚ የእርሻ ቤት፣ ኩዌከር ከሚባለው የክርስትና ወገን ከሆነ ቤተሰብ ነው። ልጅ ሳሉ እሱና ወንድሙ የቤታቸውን ሦስተኛ ፎቅ በአማተር ራዲዮ ዕቃ ሞልተውት ነበር፤ በአንቴና ጣጣ የጡቡን ጭስ መውጫ ከጣሪያው እኩል ገንድሰው ወላጆቻቸውን ያስደነገጡበት ጊዜም አለ። ደካማ ድምፅን ከጫጫታ መለየት ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት የጀመረው ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ዜናውን እንደሰማ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ግሪን ባንክ ወደሚገኘው ቴሌስኮፕ ሄደ። ከካምብሪጅ ውጭ የመጀመሪያዎቹን ፐልሳሮች ካገኙት ሰዎች አንዱም ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው ችግር ብዙ ፐልሳሮችን ማግኘት ነው። በከዋክብት መካከል ያለው ስስ የኤሌክትሮን ጋዝ የዝቅተኛውን ድግግሞሽ ሞገድ ከከፍተኛው ያዘገየዋል፤ አንዷ ትርታ ተለጥጣና ደብዝዛ ትደርሳለች። የመዘግየቱን ልክ ካላወቁ ትርታዋን መልሶ መሰብሰብ አይቻልም፤ ልኩ የሚታወቀው ደግሞ ፐልሳሩ ከተገኘ በኋላ ነው። ከዚህ አዙሪት መውጫው ሁሉንም ዓይነት ልክ መሞከር ነው፤ ይህን ደግሞ የሰው ዓይን አይችለውም። ቴይለር በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ፣ አምኸርስት መምህር ሆኖ ለፍለጋው ገንዘብ ሲጠይቅ፣ ከሌላ ኮከብ ጋር የሚዞር አንድ ፐልሳር እንኳ ቢገኝ የኒውትሮን ኮከብን ክብደት ለመመዘን እንደሚያስችል በማመልከቻው ጽፏል። በኋላ የመጣውን ነገር ዕድል ብቻ የሚሉ ሰዎች ይህችን ዓረፍተ ነገር ይዘሏታል።

ሥራውን የተረከበው ራስል ሀልስ የሚባል የዶክትሬት ተማሪ ነው። የዛሬ ስልክ ከቁም ነገር የማይቆጥረው ማህደረ ትውስታ ያላትን አነስተኛ ኮምፒውተር ራሱ በሠራው የእንጨት ሣጥን ውስጥ አድርጎ በዲሴምበር 1973 ፖርቶ ሪኮ፣ አሬሲቦ ገባ። እዚያ ያለው ቴሌስኮፕ በኮረብታዎች መካከል የተዘረጋ፣ 305 ሜትር ስፋት ያለው የማይንቀሳቀስ ሳህን ነበር። የሀልስ ፕሮግራም ለእያንዳንዷ የሰማይ ነጥብ 500,000 ያህል የመዘግየት፣ የትርታ ክፍተትና የትርታ ስፋት ቅንጅቶችን ይፈትሻል። አንድን ምልክት ፐልሳር ሊሆን ይችላል ብሎ ለመመዝገብ ከጫጫታው መዋዠቅ 7 እጥፍ መብለጥ አለበት። ጁላይ 2 ቀን 1974 የተመዘገበው ምልክት 7.25 ነበር። ትንሽ ቢደክም ኖሮ ማሽኑ ዝም ብሎ ያልፈው ነበር። የትርታው ክፍተት 59 ሚሊ ሴኮንድ ነው፤ በጊዜው ከሚታወቁት ሁሉ በፍጥነት ሁለተኛ።

ኦገስት 25 ቀን ክፍተቱን በትክክል ለመለካት ተመለሰበት። ይህ የተለመደ የቢሮ ሥራ ያህል መሆን ነበረበት። ነገር ግን በሁለት ሰዓት ልዩነት የተወሰዱት ሁለት ልኬቶች ከ20 ማይክሮ ሴኮንድ በላይ ተራራቁ። ለተራ ሰው ምንም ነው፤ ለፐልሳር ግን ነውር ነው። ሀልስ መጀመሪያ የጠረጠረው የራሱን መሣሪያ ነበር፤ በመዝገቡም የጻፈውን ቁጥር ደጋግሞ ሰርዟል። ኮምፒውተሩ ለእንዲህ ያለ ፈጣን ትርታ አይበቃም ብሎ አዲስ ፕሮግራም ጻፈ፤ ልዩነቱ ግን አልጠፋም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ የሙያው ዋና ነገር ያለው እዚህ ነውና። አሬሲቦ ሳህኑ ስለማይንቀሳቀስ ፐልሳሩን ማየት የሚችለው በቀን ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ሀልስ የሁለት ተከታታይ ቀናት ልኬቶችን ሲያስተያይ ሁለቱም ቀን የትርታው ክፍተት በአንድ ዓይነት መልክ ሲወርድ አየ፤ የሁለተኛው ቀን ግን 45 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ነው። የተበላሸ መሣሪያ እንዲህ ያለ ሥርዓት አይጠብቅም። ፐልሳሩ ከማይታይ ጓደኛ ጋር እየዞረ፣ አንዴ ወደ እኛ ሲመጣ ትርታው ይጣደፋል፤ ሲርቅ ይዘገያል። የአንዱ ዙር ጊዜ 7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። ሦስት ዙር 23 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይሆናል፤ የጎደለው 45 ደቂቃ ያ ነበር። ሴፕቴምበር 16 ቀን ክፍተቱ ወርዶ ወርዶ መልሶ መውጣት ሲጀምር ጥርጣሬው አበቃ። ሀልስ ለቴይለር ደብዳቤ ጻፈ፤ ደብዳቤው እስኪደርስ መጠበቅ ስላቃተው ስልክም ደወለ። ቴይለር የተሻለ መሣሪያ ይዞ በአውሮፕላን መጣ።

ያገኙት ነገር አንስታይን ራሱ ያዘዘው ላቦራቶሪ ይመስላል። እያንዳንዳቸው የፀሐይን 1.4 እጥፍ ያህል የሚመዝኑ ሁለት ኮከቦች፣ ፀሐይ ራሷ ከያዘችው ስፍራ ብዙም በማይሰፋ ምህዋር ይዞራሉ። ሲቀራረቡ ፐልሳሩ በሴኮንድ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። የሞላላው ምህዋር አቅጣጫ ራሱ በዓመት 4.2 ዲግሪ ይዞራል፤ በአንስታይን ዘመን ያን ያህል ያነጋገረው የሜርኩሪ ምህዋር መዛነፍ በመቶ ዓመት 43 የዲግሪ ሴኮንድ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ የቴይለር ሥራ መቁጠር ሆነ። ፐልሳሩ በሴኮንድ 17 ጊዜ ያህል ይመታል፤ በዓመት ከ530 ሚሊዮን ጊዜ በላይ። ቴሌስኮፑ ዓመቱን ሙሉ አያየውም፤ ስለዚህ በሁለት ምልከታዎች መካከል ያለፉትን ያልተሰሙ ትርታዎች አንዲት ሳይስቱ ማስላት ያስፈልጋል። ምድር ፀሐይን ስትዞር የትርታው መድረሻ ጊዜ ወደዚህም ወደዚያም እስከ 8 ደቂቃ ይዛነፋል፤ እሱም ተቀናሽ ነው። የአቶሚክ ሰዓቱም ራሱ መፈተሽ አለበት።

የስበት ሞገድ ጉልበት ይዞ ከሄደ ሁለቱ ኮከቦች እየተቀራረቡ የዙሩ ጊዜ ማጠር አለበት። የሚያጥረው በዓመት 76 ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ብቻ ነው። ያን በቀጥታ ለመለካት የሚሞክር ሰው ተስፋ ይቆርጣል። የቴይለር ብልሃት የእያንዳንዱን ዙር ርዝመት መለካቱን ትቶ ኮከቦቹ እጅግ የሚቀራረቡበትን ቅጽበት መከታተል ነው። እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው ትንሽ ስለሚያጥር ቅድሚያው ይጠራቀማል፤ ጊዜው እጥፍ ሲሆን ቅድሚያው አራት እጥፍ ይሆናል። በአራት ዓመት አንድ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም፤ በ30 ዓመት ግን 40 ሴኮንድ ገደማ ደርሷል። ትዕግሥት እዚህ ጥሩ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ የመለኪያው ክፍል ነው።

ትዕግሥቱ ሌላም ምክንያት ነበረው። በ1969 የሜሪላንዱ ጆሴፍ ዌበር በድፍን የአሉሚኒየም ግንድ የስበት ሞገድ ያዝሁ ብሎ አውጆ፣ ሌሎች ሊደግሙት አልቻሉም። በዚህም የስበት ሞገድ ፍለጋ ስሙ ጎድፎ ነበር። ቴይለርና ባልደረቦቹ አራት ዓመት ለክተው ሙኒክ ላይ ሲቀርቡ ያሳዩት ኩርባ ከአንስታይን ቀመር ጋር ይገጥማል። ከዚያም በኋላ አላረፉም፤ ጆኤል ዋይስበርግና ሌሎች ሲለኩ ቆዩ። የእኛ ፀሐይና ፐልሳሩ ጋላክሲውን ሲዞሩ የሚፈጥሩት ትንሽ የማሳሳት ውጤት እንኳ ተሰልቶ ሲቀነስ፣ ልኬቱና ንድፈ ሐሳቡ በመቶ 0.2 ልዩነት ተስማሙ።

ሽልማቱ የራሱ ታሪክ አለው። በ1974፣ ሀልስ አሬሲቦ ላይ ሳለ፣ የፊዚክስ ኖቤል ለሂዊሽና ለማርቲን ራይል ተሰጠ፤ ጭረቷን ያየችው ቤል ተዘለለች። በ1993 ግን መምህሩ ቴይለርና ተማሪው ሀልስ እኩል ተካፈሉ። ቴይለር ወደ ስቶክሆልም ሲሄድ ቤልን እንግዳው አድርጎ ጋበዛት። የኮሚቴውን በደል አላስተካከለም፤ የሙያው ሰዎች ግን ግኝቱ የማን እንደሆነ ማወቃቸውን አሳየ። ሀልስ በበኩሉ ከዚያ ብዙ ዓመት በፊት፣ በ1977፣ ቋሚ ሥራ ስለማያስተማምን ሥነ ፈለክን ትቶ ወደ ፕላዝማ ፊዚክስ ገብቶ ነበር።

ብልሃቱ ግን ቀጥሏል። በጁን 2023 ናኖግራቭ የተባለው ቡድን የ68 ፐልሳሮችን የ15 ዓመት ልኬት አስተያይቶ፣ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓዶች ሳይፈጥሩት አይቀርም የሚባል ቀርፋፋ የስበት ሞገድ ምልክት ማግኘቱን አስታውቋል። የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ በዲሴምበር 2020 ተደርምሷል፤ የሰበሰበው መረጃ ግን ሥራ ላይ ነው። በ2010 ከዚያ መረጃ ውስጥ አንድ ፐልሳር ያገኙት የአሜሪካና የጀርመን ፈቃደኞች ናቸው፤ አንስታይን አት ሆም የተባለው ፕሮግራም በቤታቸው ኮምፒውተር ሥራ ፈት ጊዜ ውስጥ ሲፈልግ ነው ያገኘው። ፕሮግራሙ በነፃ ነው፤ ለመጀመር ዲግሪ አይጠይቅም። ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያለው አንባቢ፣ በተለይም ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ከተማሪዎቹ ጋር፣ ይሞክረው።