«ልክፈት»ን «በሽታ» ብሎ ስለ መተርጐም

በቤተ ሙከራ የሚረቡ አይጦችንና አይጠ መጎጦችን ጤና የሚመለከቱ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ «ኢንፌክሽን» የሚለው ቃል «በሽታ»፣ ክትትሉም «የበሽታ ምርመራ» ሲባል ይታያል። ይህን አተረጓጐም አንቀበለውም።

በአዲስ አበባ ቄራ፣ ከመታረዱ በፊት ታይቶ ጤነኛ የተባለ በሬ፣ ከታረደ በኋላ በሥጋው ውስጥ የኮሶ እጭ ሊገኝበት ይችላል፤ በሬው ተለክፏል እንጂ አልታመመም። በአይጥ ጉበት ብግነት ቫይረስ የተለከፈች አይጥም ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ሳታሳይ የምርምሩን ውጤት ታዛባለች። የአውሮፓ የላቦራቶሪ እንስሳት ሳይንስ ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ምክር፣ ለዋና ዋናዎቹ ተሐዋስያን በየ3 ወሩ ክትትል እንዲደረግ ያሳሰበው ስለዚህ ነው።

«ምርመራ» የአንድ ጊዜ ተግባር ሲሆን «ክትትል» ግን ምርመራን በየጊዜው መደጋገም ነው። «የበሽታ ምርመራ» የሚለውን ያነበበ ባለሙያ የታመመችውን አይጥ ይፈልጋል፤ ጤነኛ መስላ የምትታየው ታመልጠዋለች።

«ልክፈት» የዛርና የጋኔን ስሜት አለው የሚሉ ይኖራሉ። ይሁን እንጂ በተለከፈና በታመመ መካከል ያለውን ልዩነት ለመግለጽ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘንም። ስለሆነም «የልክፈት ክትትል» እንዲባል እናሳስባለን።