ፊት የሌላቸው ስደተኞች፦ ስለ ጃኮብ ሎውረንስ 60 ሥዕሎች

የስደት ሥዕል ሲባል በሐሳባችን ቶሎ የሚመጣው የምታለቅስ እናትና የተራበ ሕፃን ነው። እንዲህ ያለው ሥዕል ተመልካችን ያሳዝናል እንጂ ሰው ቀዬውን ለምን ጥሎ እንደ ወጣ አያስረዳም። ዛሬ የምንመለከተው ጥቁር አሜሪካዊ ሠዓሊ ጃኮብ ሎውረንስ ግን ሌላ መንገድ ይዟል።

ሎውረንስ በ1917 እ.ኤ.አ. በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በአትላንቲክ ሲቲ ተወለደ። ወላጆቹ ከደቡብ ወደ ሰሜን የፈለሱ ነበሩ። በ13 ዓመቱ ገደማ ሐርለም ገብቶ ሥዕልን እዚያው ሠፈር ተማረ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ ጥቁሮች ከደቡብ በብዛት የፈለሱበትን ታሪክ በሐርለም ቤተ መጻሕፍት ለወራት አጥንቶ፣ በ1941 እ.ኤ.አ. 60 ሥዕሎች ሠራ። ዕድሜው ገና 23 ነበር። ሰሌዳዎቹን ደርድሮ አንዱን ቀለም በሁሉም ላይ ካዳረሰ በኋላ ወደሚቀጥለው ቀለም ስለሚያልፍ፣ 60ዎቹ እንደ አንድ ታሪክ ይነበባሉ።

ችሎታው ጎልቶ የሚታየን በ15ኛው ሥዕል ነው። ጉዳዩ ያለ ፍርድ ሰውን ሰቅሎ መግደል ነው። ሎውረንስ ግን አስከሬን አልሣለም። ያለው ቅርንጫፍ፣ ባዶ ሸምቀቆና አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ አንድ ሰው ብቻ ነው። የሟችን ክብር ጠብቆ የገዳይን ሥራ አጋልጧል።

ብዙዎቹ ሰዎቹ ዓይንና አፍ በጉልህ አልተሣለላቸውም። ይህ ሰውን ስም አልባ ያደርጋል የሚል ቢኖር ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ስደተኛን በቁጥር ብቻ የሚያውቅ ብዙ ነውና። እኛ ግን በጎበጠ ጀርባና በተሸከመ ትከሻ ላይ ሰውየውን አገኘነው። ይልቅስ ጉድለት የምንለው ሥዕሉ የተናገረውን የግርጌው ጽሑፍ አንዳንዴ መድገሙን ነው።

ሎውረንስ ሰሜንንም ገነት አላደረገውም። የተጨናነቀ መኖሪያ፣ የሳንባ በሽታና የዘር ብጥብጥ አሳይቷል። በ53ኛው ሥዕል ደግሞ ቀድመው የገቡት ጥቁሮች አዲስ መጪ ወገናቸውን እንዴት እንደ ናቁ ነግሮናል። የራስን ወገን ገመና መናገር ከጠላት በደል ይልቅ ድፍረት ይጠይቃል።

ዛሬ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ሥዕሎች ዋሽንግተን በፊሊፕስ ቤተ ሥዕል፣ ተጋማሾቹ ኒው ዮርክ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ስለ ፍልሰት የተሣለው ሥራ ራሱ በሁለት ከተማ ተከፍሎ ይኖራል። ሠዓሊው በ2000 እ.ኤ.አ. አረፈ። በመጨረሻው ሥዕሉ ሰዎች ባቡር ጣቢያ ተሰልፈው ቆመዋል፤ መድረሻቸው አልተሣለም።

በመጠለያችን እርሳስና ከሰል ለያዛችሁ ወጣቶች የምንለው ይህ ነው፦ እንባውን ብቻ አትሣሉ። ምክንያቱን፣ መንገዱን፣ እርስ በርስ የተደራረግነውንም ሣሉ።