መጽሐፍ ስለ ራሱ ልደት ሲናገር፦ ክብረ ነገሥት፣ መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ሞርሞን በአንድ ሚዛን

መግቢያ

ሆሳዕና ከተማ ስሟን ያገኘችው ከአንድ ጥንታዊ የጸሎት ቃል ነው። ቃሉ በዕብራይስጥ «እባክህ አድን» እንደ ማለት ሲሆን፣ ከመዝሙረ ዳዊት ወደ ወንጌል፣ ከወንጌል በግሪክኛና በግዕዝ አልፎ ወደ ቤተ ክርስቲያን በዓል፣ ከበዓሉም ቀድሞ ዋቸሞ ትባል ወደነበረችው የሀዲያ ከተማ ደርሷል። ዛሬ በአውቶቡስ መናኸሪያ ቃሉን የሚጠራ መንገደኛ ዕብራይስጥ እየተናገረ መሆኑን አያስብም፤ ቃሉ የራሱ ሆኗል። መጻሕፍትም እንዲሁ ይጓዛሉ። ሲጓዙም ከየት እንደመጡ፣ ማን እንዳገኛቸውና ማን እንደተረጎማቸው የሚናገር ታሪክ አብሯቸው ይሄዳል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ የልደት ታሪክ ነው።

ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና ከሾኔ የመጡ ተማሪዎች በአንድ የስነጽሑፍ ክፍል ሲቀመጡ የተለያየ የመጻሕፍት ቆጠራ ይዘው ይመጣሉ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤት ያደገው 81 ይቆጥራል፤ መጽሐፈ ሄኖክም ከነዚያ አንዱ ነው። በአካባቢው ሥር በሰደደው የወንጌላውያን ትምህርት ያደገው ደግሞ 66 ይቆጥራል፤ ሄኖክ ከቁጥሩ ውጭ ነው። በአማርኛም ተተርጉሞ የታተመው መጽሐፈ ሞርሞን ለሁለቱም ባዕድ ነው። ሆኖም በሦስቱም ላይ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ መጽሐፉ እንደሚለው በእርግጥ ጥንታዊ ነው ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ የራሳችንን መጽሐፍ በአንድ ሚዛን፣ የሌላውን በሌላ ሚዛን መመዘናችን ነው። ስለ ወርቅ ሰሌዳዎች የሚነገረውን ሰምቶ የሚስቅ አንባቢ፣ የክብረ ነገሥትን መደምደሚያ ማስታወሻ ያለ አንዳች ጥያቄ ሲቀበል ይታያል። ይህ ጽሑፍ የመጽሐፍ የልደት ታሪክ ራሱ የድርሰቱ አካል መሆኑን፣ ጥንታዊነት ግን ከመጽሐፉ ውጭ በሚገኝ ማስረጃ መረጋገጥ እንዳለበት ለማሳየት ይሞክራል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ለይተን ካላመለከትን በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልደት ታሪክ እንደ ድርሰት

ክብረ ነገሥት 117 ምዕራፎች አሉት። በመጨረሻው ላይ የሚገኘው ማስታወሻ እንደሚለው፣ መጽሐፉ ከማርቆስ መንበር ከተገኘ የቅብጥ ቅጂ ወደ ዓረብኛ ተመለሰ፤ ይህም የሆነው በ409 ዓመተ ምሕረት፣ በንጉሥ ላሊበላ ዘመን ነው። ሊቃውንት ይህን ቁጥር ከ1225 ጋር ያገናኙታል። ወደ ግዕዝ ግን ያኔ አልተተረጎመም። ምክንያቱ ተገልጿል፤ መጽሐፉ ከእስራኤል ዘር ያልሆነ ሊነግሥ አይገባውም ስለሚል በዛጉዌ ዘመን ሊወጣ አልቻለም። በመጨረሻ ይስሐቅ የተባሉ ሊቅ፣ የእንደርታውን ገዥ ያዕቢከ እግዚእን አማክረው፣ ስማቸውን ከዘረዘሯቸው አምስት ባልንጀሮቻቸው ጋር ተረጎሙት። ይህ የግዕዝ ሥራ የተጠናቀቀው በአፄ ዓምደ ጽዮን የመጀመሪያ ዓመታት፣ በ1314 እና በ1322 መካከል እንደሆነ ብዙዎቹ አጥኚዎች ይስማማሉ።

አሁን ወደ ሁለተኛው የልደት ታሪክ እንሻገር። ጆሴፍ ስሚዝ በ1805 በአሜሪካ በቨርሞንት የተወለዱ፣ እምብዛም መደበኛ ትምህርት ያላገኙ የገበሬ ልጅ ነበሩ። እንደ እሳቸው ቃል፣ በ1823 ሞሮኒ የተባለ መልአክ ተገልጦ በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ከቤታቸው ብዙ ሳይርቅ በአንድ ኮረብታ ስለተቀበሩ የወርቅ ሰሌዳዎች ነገራቸው፤ በ1827 ተረከቧቸው። የተጻፉትም በመልኩ በተለወጠ የግብጽ ፊደል ነው ተባለ። አብዛኛውን በ1829 በቃል እያሉ ኦሊቨር ካውደሪ ጻፉላቸው። በ1830 በፓልማይራ ከተማ 5,000 ቅጂ ታተመ። ሰሌዳዎቹ ለመልአኩ ተመልሰዋል ስለሚባል ዛሬ ሊመረመሩ አይችሉም። አስቀድሞ ሦስት፣ ቀጥሎም ስምንት ሰዎች ሰሌዳዎቹን አይተናል ያሉበት ምስክርነት ግን ከመጽሐፉ ጋር ይታተማል።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንባቢ አራት የጋራ ነጥቦችን ያገኛል። አንደኛ፣ መነሻው በአካባቢው ማንም ሊያመሳክረው በማይችል ሩቅ ቋንቋ ነው፤ ያኛው በቅብጥ፣ ይህኛው በግብጽ ፊደል። ሁለተኛ፣ መጽሐፉ ለምን እንደዘገየ ምክንያት ይሰጣል። ሦስተኛ፣ ምስክሮች ወይም ተባባሪዎች በስም ይጠራሉ። አራተኛ፣ የመጽሐፉ አቅራቢ ደራሲ ነኝ አይልም፤ ተርጓሚ ነኝ ይላል። ይህ አራተኛው ነጥብ ለስነጽሑፍ ተማሪ ከሁሉም ይበልጣል። በነዚህ ማኅበረሰቦች ዘንድ አዲስ መጽሐፍ በአዲስነቱ ክብር አያገኝም፤ ክብር የሚገኘው ከጥንት ነው። ስለዚህ ደራሲው ራሱን ከኋላ፣ ጥንትን ከፊት ያቆማል።

ታሪኮቹ የተነገሩበትን ዘመን ማኅተምም ይዘዋል። የክብረ ነገሥት የመዘግየት ምክንያት በ1270 በአፄ ይኩኖ አምላክ ለተመለሰው ሥርወ መንግሥት በትክክል ይስማማል። መጽሐፈ ሞርሞንም በዚያ ጊዜ በአሜሪካ በሰፊው ይጠየቅ ለነበረ ጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ከየት መጡ? ኤታን ስሚዝ የተባሉ፣ ከጆሴፍ ጋር ዝምድና የሌላቸው ሰባኪ በ1823 ባሳተሙት መጽሐፍ ነባሮቹ ሕዝቦች የእስራኤል ነገዶች ናቸው ብለው ተከራክረው ነበር። ጆሴፍ ስሚዝ ከዚህ መጽሐፍ ወስደዋል አልወሰዱም የሚለው ክርክር እንደቀጠለ ነው፤ ጥያቄው ግን በአየሩ ላይ እንደነበር አያከራክርም።

በሌሊት የወጣው ቅዱስ ንብረት

ዝምድናው በልደት ታሪክ ብቻ አያበቃም፤ በዋናው ትረካ ውስጥ ይበረታል። በክብረ ነገሥት የሰሎሞን ልጅ ምኒልክ ከእስራኤል በኩራን ጋር ከኢየሩሳሌም ሲመለስ፣ የካህኑ ልጅ አዛርያስ ታቦተ ጽዮንን በሌሊት ያወጣል፤ በምትኩ እንጨት ይቀመጣል። ድርጊቱ ስርቆት እንዳይባል የእግዚአብሔር መልአክ ይረዳዋል። ጉዞው ከተፈጥሮ በላይ ነው፤ ሠረገሎቹ ከመሬት ተነሥተው ይሄዳሉ። በመጽሐፈ ሞርሞን ደግሞ የሌሂ ቤተሰብ ከክርስቶስ ልደት 600 ዓመት ያህል በፊት ከኢየሩሳሌም ይወጣል። ልጁ ኔፊ ሕግና የትውልድ ሐረግ የተጻፈባቸውን የናስ ሰሌዳዎች በሌሊት ገብቶ፣ ባለቤቱን ላባንን ገድሎ ይወስዳል። መግደል ስለከበደው መንፈስ ያዘዋል። በበረሃ መንገድ የሚመራቸው ተአምራዊ የናስ ኳስ ይሰጣቸዋል፤ ባሕር ተሻግረውም ሌላ ምድር ይወርሳሉ።

ከኢየሩሳሌም የራቀ ሕዝብ፣ በሌሊት የተወሰደ ቅዱስ ንብረት፣ ሰማያዊ ፈቃድ፣ ተአምራዊ ጉዞ፣ አዲስ ጽዮን፤ አጽመ ታሪኩ አንድ ነው። አንዱ ከሌላው ቀዳ ለማለት ግን ማስረጃ የለንም፤ አስፈላጊም አይደለም። ሁለቱም ኦሪት ዘፀአትን ያነበቡ ናቸው። እስራኤል ከግብጽ የሰውን ንብረት ይዞ በሌሊት ወጣ፣ በበረሃ ተመራ፣ ባሕር ተከፈለለት፣ ምድር ወረሰ። ራሱን እስራኤል ሊያደርግ የሚሻ ማኅበረሰብ ይህን ቅርጽ ይደግመዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የቅርጽ መመሳሰል የጋራ ንባብን እንጂ ጥንታዊነትን አያረጋግጥም።

ይህ አካሄድ ለሀዲያና ለከምባታ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በሀዲያ ጎሣዎች ዘንድ የዘር ሐረግን ወደ ምሥራቅ፣ አልፎም ወደ ዓረብ ምድር የሚያደርስ ትውፊት አለ፤ በከምባታም የኦዬታ ጎሣ ከጎንደር በኩል እንደመጣ ይነገራል። ጀርመናዊው የታሪክ አጥኚ ኡልሪሽ ብራውኬምፐር ስለ ሀዲያ በ1980፣ ስለ ከምባታም በ1983 ባሳተሟቸው ሥራዎች እነዚህን ትውፊቶች ሰብስበው ከተጻፉ ምንጮች ጋር አመሳክረዋል። ትውፊቱን አልናቁም፤ እንዳለም አልወሰዱም። ለጽሑፍ መጻሕፍትም የሚያስፈልገን ይኸው ጥንቃቄ ነው።

ጥንታዊነት በምን ይታወቃል?

መጽሐፈ ሄኖክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። 108ቱም ምዕራፎች ሙሉ ሆነው የሚገኙት በግዕዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ አደረሱ፤ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 በእንግሊዝኛ አሳተሙ። በይሁዳ መልእክት መጠቀሱ የታወቀ ቢሆንም፣ ዕድሜው ሲያከራክር ቆይቷል። በ1952 በኩምራን አራተኛ ዋሻ በአራማይክ የተጻፉ ቁርጥራጮች ተገኙ፤ ሚሊክ በ1976 አሳተሟቸው። መጽሐፉ ከክርስትና በፊት እንደነበረ በዚህ ተረጋገጠ። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ኤፍሬም ይስሐቅም በጣና ሐይቅ ክብራን ደሴት የሚገኘውን የብራና ቅጂ መሠረት አድርገው በ1983 በእንግሊዝኛ ትርጉም አቅርበዋል። ይሁን እንጂ ማስረጃው የሚለውን ብቻ ነው የሚለው። ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው የምሳሌዎች ክፍል በኩምራን አልተገኘም። የተገኘውም ቢሆን የመጽሐፉን ጥንታዊነት እንጂ ከአዳም ሰባተኛው ሄኖክ እንደጻፈው አያስረዳም።

ሄኖክ ወደ ሞርሞን መጻሕፍትም ይገባል። ስሚዝ በ1830 መጨረሻ ባቀረቡት፣ ዛሬ በመጽሐፈ ሙሴ ውስጥ በሚገኘው ክፍል ሄኖክ ሰፊ ታሪክ አለው። የሎረንስ ትርጉም ከዘጠኝ ዓመት በፊት ታትሞ ስለነበር ከዚያ ወሰዱ የሚሉ አጥኚዎች አሉ። ነገር ግን የግዕዙ ማዕከል የሆነው ትጉሃን መላእክት ከሴቶች ጋር የመተባበራቸው ታሪክ በስሚዝ ሄኖክ የለም፤ ሄኖክ ከነከተማው ወደ ሰማይ ማረጉም በግዕዙ የለም። የሞርሞን ተከራካሪዎች በበኩላቸው በስሚዝ ጽሑፍ የሚገኘው ማሂያ የሚለው ስም፣ በኩምራን በተገኘው መጽሐፈ ረዓይት ውስጥ ካለው ማሃዋይ ጋር ይመሳሰላል ይላሉ። ይህ ስም በግዕዙ ሄኖክ ስለሌለ ነጥቡ ክብደት አለው። ሆኖም በዕብራይስጡ ዘፍጥረት 4፥18 ተቀራራቢ ስም ስላለ ለብቻው ወሳኝ አይሆንም።

ሌላው ማስረጃ ለግዕዝ አንባቢ ይቀርባል። በመጽሐፈ ሞርሞን የሌሂ ቤተሰብ በዓረብ ምድር ናሆም በተባለ ቦታ ሙታን ይቀብራል። በየመን ማሪብ በተገኙ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ሰባተኛው ወይም ስድስተኛው መቶ ዓመት በሚባሉ መሠዊያዎች ላይ፣ የኛ ፊደል ዘመድ በሆነው የሳባ ጽሕፈት «ነ-ሀ-መ» የሚል የነገድ ስም ተቀርጿል። ደጋፊዎች ይህን ትልቅ ማረጋገጫ ያደርጉታል። ተቃዋሚዎች ስሙ በ18ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ካርታዎች ላይ እንደነበረ ያስታውሳሉ። እኛ ደግሞ አንድ የፊደል ነጥብ እንጨምራለን፤ የመሠዊያው ሆሄ ሃሌታው «ሀ» ሲሆን፣ ለቅሶንና መጽናናትን የሚያመለክተው የዕብራይስጥ ሥር ግን ሐመሩን «ሐ» ይዟል። የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ሁለቱን አይለይም።

በጣም ግልጹ ፈተና መጽሐፈ አብርሃም ነው። ስሚዝ በ1835 ከተገዙ የግብጽ ፓፒረሶች ተረጎምሁት ብለው በ1842 አሳተሙት። ፓፒረሶቹ ጠፉ ሲባል ቆይተው ከፊላቸው በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ተገኘ፤ በ1967 ለቤተ ክርስቲያኒቱ ተሰጠ። የግብጽ ቋንቋ ሊቃውንት ሲያነቡት ለሙታን የሚጻፍ የቀብር ጽሑፍ ሆነ፤ የአብርሃም ስም የለበትም። ቤተ ክርስቲያኒቱም በ2014 ባወጣችው ጽሑፍ የተረፉት ቁርጥራጮች ከታተመው ትርጉም ጋር እንደማይገጥሙ ተቀብላለች፤ መጽሐፉን ግን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ መያዟን አልተወችም።

ማጠቃለያ

በአንድ ሚዛን ሲመዘኑ ውጤታቸው አንድ አይደለም። ሄኖክ ጥንታዊነቱ በውጭ ማስረጃ ጸንቷል። የክብረ ነገሥት የቅብጥ መነሻ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ የግዕዙ ጽሑፍ ግን የ14ኛው መቶ ዓመት ታላቅ ድርሰት መሆኑ የታወቀ ነው። መጽሐፈ አብርሃም በፓፒረሶቹ ፈተና ወድቋል። መጽሐፈ ሞርሞንን በተመለከተ ሰሌዳዎቹ ስለሌሉ የቀረው የውስጥ ማስረጃ ነው። ያም በ19ኛው መቶ ዓመት ላይ ይጠቁማል፤ ከኢሳይያስ 2 እስከ 14 ያሉት ምዕራፎች በሁለተኛ ኔፊ ሲገቡ የ1611ዱን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቃል በአብዛኛው ይከተላሉና።

«እንግዲያው ክብረ ነገሥት ውሸት ነው ማለት ነው?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። አይደለም። አፄ ዮሐንስ በ1872 ከእንግሊዝ ያስመለሱት፣ የ1955ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሡን ሐረግ በሐሳቡ የመሠረተበት መጽሐፍ፣ የቅብጥ መነሻ ስላልተገኘለት አቅሙ አይቀንስም። እንዲያውም ደራሲዎቹ ሰፊውን የንባብ ሀብታቸውን እንዴት ወደ አንድ ትረካ እንዳዋሃዱ ልናደንቅ የምንችለው፣ ድርሰቱ የእነሱ መሆኑን ስንቀበል ነው። ይስሐቅን ተርጓሚ ብቻ ያደረገ አንባቢ ከኢትዮጵያ ስነጽሑፍ አንድ ታላቅ ደራሲ ይቀንሳል። ስሚዝንም አታላይ ብቻ ብሎ የሚያልፍ አንባቢ፣ ሰፊ ሕዝብ ያንቀሳቀሰ ትረካ እንዴት እንደተሠራ ሳይጠይቅ ይቀራል። የእምነት ፍርድ የአማኙ ነው፤ የድርሰት ፍርድ ግን የኛ ሥራ ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለሚፈልግ ተማሪ የሚሆን ያልተነካ መስክም አለ። የመጽሐፈ ሞርሞንን የአማርኛ ትርጉም የኢሳይያስ ምዕራፎች፣ በ1954 ዓ.ም. ከታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስና ከግዕዙ ጋር ጎን ለጎን አንብቦ፣ ተርጓሚዎቹ የትኛውን ቃል ከየት እንደወሰዱ መዘርዘር ይቻላል። ሥራው ከ66ቱም ሆነ ከ81ዱ ቤት የመጣ ተማሪ እኩል ሊሠራው የሚችለው ነው።