«ማዞር» ስለተባለው ስያሜ
በኮምፒዩተር መረብ መመሪያዎች ትርጉም «ማዞር» ሁለት የተለያዩ ተግባሮችን ደርቦ ይዟል። ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 (እ.ኤ.አ.) በነደፈው ዲ.ኤን.ኤስ. በተባለው የስም መፍቻ ሥርዓት፣ አንድ አገልጋይ የማያውቀውን ስም ሌላውን አገልጋይ ራሱ ጠይቆ መልሱን ያመጣል፤ አለዚያም ጠያቂውን «እዚያ ጠይቅ» ብሎ ያሰናብተዋል። የፊተኛው ማስተላለፍ፣ የኋለኛው መጠቆም ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በምናባዊ ኮምፒዩተሮች መካከል ለሙከራ በተዘረጋ መረብ ስም አልፈታ ሲል፣ «ጥያቄው ይዞራል» የሚለውን ያነበበ ባለሙያ ከጠያቂው ኮምፒዩተር ወደ ሁለተኛው አገልጋይ የሚወስደውን መንገድ ሲመረምር ይውላል፤ የተቋረጠው ግን የሁለቱ አገልጋዮች ግንኙነት ሊሆን ይችላል። («ምናባዊ» የሚለውም ቢሆን አያስመሰግንም፤ በሐሳብ ብቻ ያለ ያስመስለዋል፣ ማሽኑ ግን ይሠራል።)

ስለዚህ ጥያቄ ተቀባዩ ራሱ ጠይቆ የሚመልስ ሲሆን «አስተላላፊ አገልጋይ»፣ አድራሻ ነግሮ የሚያሰናብት ሲሆን «ጠቋሚ መልስ» ቢባል ይሻላል።