ጉንዳጋይ

በሲድኒና በሜልቦርን መካከል፣ በመረምቢጂ ወንዝ ዳር ያለችው ጉንዳጋይ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. ዋናው አውራ ጎዳና በአዲስ ድልድይ ወደ ጎን ከተሻገረ ወዲህ፣ የካሚዮኑ ጩኸት ከመካከልዋ ርቆላት፣ ነዋሪው በመንገድ ያገኘውን ሁሉ በስሙ እየጠራ እጅ የሚነሣባት የዕረፍትና የጸጥታ ማኅደር ሆናለች፤ ለከባድ ሕመም ግን እስከ ዋጋ ዋጋ ከተማ መጓዝ ግድ ነው።

ጸጥታዋን ይበልጥ የማደንቀው ታሪኳን ሳስብ ነው፤ በሰኔ 1852 ወንዙ እንደ ማየ አይኅ ሞልቶ ቆላማውን ሰፈር በጠረገውና ሰማንያ ያህል ነፍስ ባጠፋ ጊዜ፣ ያሪና ጃኪ ጃኪ የተባሉ የዊራጁሪ ነባር ሕዝብ ተወላጆች፣ አገራቸውን የያዙባቸውን ሰፋሪዎች ሳይቀር በቅርፊት ታንኳ እየቀዘፉ ከሞት አወጡ። ሕዝቡም ከዚያ ወዲህ ከተማውን ወደ ኮረብታው አወጣ፤ የሁለቱ ሐውልት ግን የቆመው፣ እጅግ ዘግይቶ፣ በ2017 ነው።