ፊት ለፊት የሚያይ የደረት ጌጥ

ከፖሊመር ክሌይ ፊት መሥራት የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደክመው በአፍንጫና በከንፈር ነው። እኔ ከዐይን እጀምራለሁ። የደረት ጌጥ ስፋቱ ከሦስት ጣት አይበልጥም፤ ቡና ላይ ማዶ ለተቀመጠ እንግዳ የሚደርሰው ዐይኑና ቀለሙ ብቻ ነው። ተለፍቶበት የተቀረጸ ቅንድብ ከዚያ ርቀት እድፍ ይመስላል።

ይህን ያስተማረኝ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲኬድ ደብረ ወርቅ ማርያም አለች፤ ቅዱስ ሉቃስ እንደሣላት የሚነገርላት የእመቤታችን ሥዕል ያለችው እዚያ ነው። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ቅዱሳንን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይን ይሥላሉ፤ አጋንንትንና ከሐዲዎችን ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዐይን። ዐይኑ ሰፊ ነው፤ ዙሪያው በጥቁር መስመር ይታጠራል፤ ጥላ አይበዛበትም። ቅዱሳንን ለጌጥ መሥራት አይገባምና አልሞክረውም። ዐይን የማስቀመጥ ጥበባቸውን ግን እበደራለሁ።

ፖሊመር ክሌይ አፈር የለበትም፤ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ከማለስለሻ ጋር ተደባልቆ የሚሠራ ነው። እኔ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ እንዲያመጣልኝ አስቀድሜ እልክበታለሁ። በደንብ ካልታሸ ሲጋገር ይሰነጠቃል። ነጩን ሁልጊዜ በቅድሚያ፣ በታጠበ እጅ አሻለሁ፤ ብናኝና የሌላ ቀለም ቅሪት ቶሎ ይይዛልና። የቆዳ ቀለም ተብሎ የሚሸጠው ሮዛማ ስለሆነ የእኛን ሰው አይመስልም። ለጠይም ፊት ቡናማው ላይ ጥቂት ቢጫ፣ ለቀይ ዳማ ብርቱካናማና ነጭ እጨምራለሁ። ጥቁር ከተጨመረ ቅንጣት ይበቃል፤ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል።

ድምቀቱን ለጸጉርና ለሻሽ አተርፈዋለሁ። ሹሩባ ለመሥራት ሁለት ቀጫጭን የክሌይ ክሮችን አብሮ መግመድ ይበቃል። የአንገት ንቅሳት ደግሞ በመርፌ ጫፍ ተጭኖ ይሠመራል፤ ከተጋገረ በኋላ ጠቆር ያለ ሰማያዊ አክሪሊክ ቀለም ቀብቶ ወዲያው መጥረግ ነው። ቀለሙ በተሠመረው ውስጥ ይቀራል፣ ከቆዳው ላይ ይነሣል።

መጋገሩ ላይ አገራችን የራሷ ጠባይ አላት። ፊሞ የሚባለው የጀርመን ዓይነት 110 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንዳንዱ በፈላ ውኃ ይቀቅለዋል። ቢቸናም ሞጣም ግን ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ በዚያ ሙቀት የወጣ ጌጥ ከወደቀ ይሰበራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ እጅግ ይበዛበታል፤ ካረረ የሚያቃጥል መርዛም ጋዝ ይወጣበታል። የሚሻለው ቴርሞሜትር የገባበት፣ ምግብ የማይሠራበት ትንሽ ምድጃና የተከፈተ መስኮት ነው። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ አያስደነግጥም፤ ሲመጣ ደግሞ ይጋገራል፣ አይበላሽም።

ጌጡ የሚሰካበት ነጠላ ስስ ስለሆነ ከባድ ጌጥ ያንጠለጥለዋል፤ ውፍረቱን ከአራት ሚሊ ሜትር አላሳልፍም። መርፌ ቁልፉን ከወገቡ ከፍ አድርጌ፣ ግንባሩ አካባቢ እለጥፈዋለሁ። መሐሉ ላይ ከሆነ ፊቱ ወደ መሬት ያዘነብላል፤ የተሠራው ሰው እንዲያይ ነውና ያ ልፋቱን ከንቱ ያደርገዋል።

የእናታቸውን ፎቶ ይዘው መጥተው «ልክ እሷን አስመስለሽ ሥሪልኝ» የሚሉኝ አሉ። እዚህም ላይ ሠዓሊዎቹ ይረዱኛል። ጊዮርጊስን የምናውቀው በነጭ ፈረሱ፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በአንበሶቹና በነብሮቹ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን በክንፋቸውና በአንድ እግራቸው ነው። መልካቸውን ለይቶ የሚያውቅ የለም፤ ምልክታቸውን ግን ሕፃን እንኳ አይስተውም። ሦስት ጣት በማይሞላ ቦታ ላይ በአፍንጫ ቅርጽ ሰው ማስመሰል አይቻልም። ስለዚህ ፎቶውን ወደ ጎን አድርጌ እጠይቃለሁ፦ ጸጉሯን እንዴት ትሠራው ነበር? ንቅሳቷ የት ላይ ነው? ሻሿ ምን ቀለም ነው? ማተቧስ? የእነዚህን መልስ ካገኘሁ ልጆቿ ከበር ሆነው ያውቋታል።