«ሁሉም ተካቷል»፦ አንድ ትንሽ መጽሐፍና የእኛ የካሪቢያን ዕረፍት

የምሠራው ሬሖቮት፣ ቂርያት ቫይዝማን ውስጥ ካሉት የላቦራቶሪ ሕንፃዎች በአንዱ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ የሚወራው ስለ ሥራ ሳይሆን ስለ «ሖፌሽ» ነው። ማን ታይላንድ ሄደ፣ ማን ከግሪክ ተመለሰ፣ የትኛው ሆቴል ቁርሱ ጥሩ ነው። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ዐሥር ዓመት ሲሞላን «እኛም ተራችን ደረሰ» ብለን፣ ልጆቹን ለእናቴ ትተን፣ ለዐሥር ቀን ሁለታችን ብቻ ወደ አንድ የካሪቢያን ደሴት ለመሄድ ወሰንን። ማቀዱ የእኔ ድርሻ ሆነ። እንደ ማንኛውም ሰው በሦስት ጥያቄ ጀመርኩ፦ ደኅንነቱ እንዴት ነው? የት እናድራለን? እዚያ ሄደን ምን እናደርጋለን?

ሁለት ሳምንት ሙሉ የጉዞ መመሪያ ሳነብ ሰነበትኩ። መጨረሻ ላይ ሁሉንም አንድ ሰው የጻፋቸው መሰለኝ። ባሕሩ ሁልጊዜ «ገነት» ነው፤ አሸዋው «ያልተነካ» ነው፤ ሕዝቡ «ፈገግታ የማይለየው» ነው። ደኅንነት ማለት ከሆቴሉ አጥር አለመውጣት ነው። ማደሪያ ማለት እዚህ አገር «ሀኮል ካሉል» የምንለው፣ ምግቡም መጠጡም አንድ ላይ የተከፈለበት ሆቴል ነው። መዝናኛ ማለት በጀልባ መዞርና መነጽር አጥልቆ ዓሣ ማየት ነው። የደሴቱ ሰው በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ የሚታየው በሦስት መልክ ብቻ ነው፦ ታክሲ ነጂ፣ አስተናጋጅ፣ ወይም «ተጠንቀቁ» የሚባልለት ሌባ። አስተማሪ የለም፣ ነርስ የለም፤ የራሱን ዕረፍት የሚያቅድ ሰውማ ጭራሽ የለም።

ይኼን ጊዜ ነው ተማሪ ሳለሁ ለአንድ ኮርስ ብዬ በጥድፊያ ያነበብኩት መጽሐፍ ትዝ ያለኝ፤ የጃማይካ ኪንኬድ «ኤ ስሞል ፕሌስ»፣ በአማርኛ «ትንሽ ቦታ» ልንለው የምንችለው። ስሟ እንዳያሳስታችሁ፤ ጃማይካዊት አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1949 አንቲጓ በምትባለው ደሴት፣ ሴንት ጆንስ ከተማ ተወለደች። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ኢሌን ፖተር ሪቻርድሰን ነው። በዐሥራ ስድስት ዓመቷ ቤተሰቧን በገንዘብ እንድትረዳ ወደ አሜሪካ ተልካ የሰው ልጆች ስትጠብቅ ቆየች፤ ኋላ ላይ ደራሲ ሆነች። መጽሐፉ በ1988 የወጣ ሲሆን ከመቶ ገጽ ያነሰ ነው። በባቡር ከሬሖቮት ሃይፋ ደርሶ እስኪመለሱ ያልቃል። በሁለተኛው ንባብ ግን እኔን ብዙ ቀን ወሰደብኝ።

የመጽሐፉ ጉልበት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አንድ ቃል ላይ ነው ያለው። ኪንኬድ ለቱሪስቱ በቀጥታ፣ በሁለተኛ መደብ ትናገራለች። በእንግሊዝኛ ይህ ቃል ወንድም ሴትም ነው፣ አንድም ብዙም ነው፣ አክብሮትም ንቀትም የለበትም። አንባቢው ከፈለገ «ስለ ሌላ ሰው ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። አማርኛ ግን እንዲህ አያስመልጥም። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ወይም እናንተ ብሎ መምረጥ ግድ ነው። ዕብራይስጡም ቢሆን ቢያንስ ወንድና ሴትን ይለያል። በልቤ እየተረጎምኩ ሳነበው «እርስዎ» በፍጹም አልሆን አለ፤ ድምፁ ቱሪስቱን አያከብርም። «አንቺ» ሆኖ መጣ። «አንቺ» ከሆነ ደግሞ የምትናገረው ለእኔ ነው።

ታዲያ ምን ትለኛለች? አውሮፕላን ማረፊያው በአገሩ መሪ በቪ. ሲ. ባርድ ስም የተጠራው ለምን እንደሆነ፣ ለምን ትምህርት ቤት ወይም ሆስፒታል በስሙ እንዳልተሰየመ አልጠይቅም። ዝናብ ባለመኖሩ ደስ ይለኛል፤ ለደሴቱ ሰው ግን ያ ድርቅ ነው። የምበላው «የአካባቢ ምግብ» አብዛኛው ከውጭ በአውሮፕላን የመጣ መሆኑን አላውቅም። የታጠብኩበት ውሃ የት እንደሚፈስ አልጠይቅም፤ እሷ እንደምትለው የተስተካከለ የፍሳሽ ማስወገጃ በሌለበት አገር መድረሻው እኔው የምዋኝበት ባሕር ሊሆን ይችላል። በዚያው ባሕር ስንት በባርነት የተጫኑ ሰዎች እንደሰጠሙም አላስብም። በ1974 የመሬት መንቀጥቀጥ የተጎዳው ቤተ መጻሕፍት ዓመታት አልፈውም ጥገና እየጠበቀ ቆሟል፤ እኔ ግን አጠገቡ አልፌ ወደ ሆቴሌ እሄዳለሁ። አዲሱ ቤተ መጻሕፍት የተከፈተው በ2014 ነው፤ ከመንቀጥቀጡ አርባ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

የጉዞ መመሪያዎቹ የማይመልሱትን ጥያቄ ይህ መጽሐፍ እንዴት እንደሚያስነሳ ላሳያችሁ። ደኅንነትን እንውሰድ። እኛ ያሰብነው በሱኮት ለመሄድ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ ይዘጋል፣ ልጆቹም ትምህርት የላቸውም። መመሪያዎቹ ስለ ኪስ ሌባ ሦስት አንቀጽ ሲጽፉ፣ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከሰኔ እስከ ኅዳር መሆኑን በአንድ መስመር ያልፉታል። የቲሽሬ በዓላት የሚውሉት ልክ አውሎ ነፋሱ በሚበረታበት ጊዜ ነው። መስከረም 6 ቀን 2017 ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ የአንቲጓን እኅት ደሴት ባርቡዳን አወደማት፤ ነዋሪው በሙሉ፣ ከ1,500 በላይ ሰው፣ ቤቱን ጥሎ ወደ አንቲጓ ተወሰደ። የባርቡዳ መሬት ከባርነት ዘመን በኋላ ሕዝቡ በጋራ ይዞት የኖረ ነው። ከአውሎ ነፋሱ በኋላ መንግሥት የመሬት ሕጉን ለወጠ፣ የቅንጦት መዝናኛ ግንባታም ተስፋፋ፤ ክርክሩ ለንደን እስካለው የመጨረሻ የይግባኝ ችሎት ድረስ ሄደ። እንግዲህ «ደኅንነት» ስንል የማን ደኅንነት ነው? ቱሪስቱ ቲኬቱን ቀይሮ ይመለሳል። የባርቡዳ ሰው የሚመለስበት መሬት ራሱ አከራካሪ ሆኖ ይጠብቀዋል። ለኛ ትምህርቱ ቀላል ነበር፦ ጉዞውን ወደ የካቲት አዛወርነው። ደረቁ ወቅት ነው፤ ዋጋው ግን ይወደዳል።

ማደሪያው ላይ ስንደርስ መጽሐፉን ትቼ ወደ እናቴ መሄድ ግድ ሆነብኝ። እናቴ የምትኖረው እዚሁ ሬሖቮት፣ ቂርያት ሞሼ ነው። ቅዳሜ ማታ ቡና እያፈላች የሆቴሉን ፎቶ በስልኬ አሳየኋት፤ «ሀኮል ካሉል» ማለት ምን እንደሆነም ነገርኳት። ረጅም ጊዜ አየችውና፦

«እኛ እኮ እንዲህ ያለ ቦታ ነበርን» አለችኝ። «ሦስት ጊዜ ያበሉናል። በር ላይ ዘበኛ አለ። ማብሰል አይቻል፣ ሰው መጋበዝ አይቻል። ዓመት ሙሉ! አንቺ ገንዘብ ከፍለሽ ነው የምትገቢው?»

የምትናገረው ስለ 1991 ነው። በዘመቻ ሰሎሞን፣ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲመጣ፣ ከመጡት ብዙዎቹ መጀመሪያ ያረፉት በሆቴሎች ነው። እኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው ሊፍቱን ብቻ ነው። እናቴ ግን ሆቴልን ሁለት ጊዜ ታውቀዋለች፤ መጀመሪያ በግድ እንግዳ ሆና፣ በኋላ ደግሞ ለብዙ ዓመት አልጋ አንጣፊ ሆና። የእንግዳውን ፎጣ መሬት ላይ መጣል፣ የአሸዋውን በገንዳው መቅረት፣ የሰዓቱን ሩጫ በጀርባዋ ታውቀዋለች።

በዚህ ምክንያት ከኪንኬድ ጋር የምከራከርበት ቦታ አለኝ። በመጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል ስለ አንቲጓ የሆቴል ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ትጽፋለች። የምረቃ በዓሉ በራዲዮና በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ስለ ባርነትና ስለ ነፃነት ሁልጊዜ የሚያወራ ሕዝብ፣ ጥሩ አገልጋይ መሆንን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ሲያከብር ግንኙነቱ እንዴት አይታየውም ትላለች። ነጥቡ ስለታም ነው፤ ሳነበው አጨብጭቤያለሁ። ግን እኮ ከተመራቂዎቹ አንዷ እንኳ በመጽሐፉ አትናገርም። ቱሪስቱ ይታያል፣ ሚኒስትሩ ይታያል፣ ነጋዴው ይታያል፤ አንሶላ የምታጥፈዋ ሴት ግን እንደ ምልክት እንጂ እንደ ሰው አትመጣም። በሰው ቤት ልጅ ስትጠብቅ የኖረች ደራሲ ይህን ማወቅ ነበረባት፤ እንደምታውቅም ሁለት ዓመት ቆይታ ባወጣችው «ሉሲ» በተባለው ልቦለድ አሳይታለች። እዚያ አገልጋይዋ ራሷ ተናጋሪ ናት። «ትንሽ ቦታ» ላይ ግን ቁጣው ለእሷ ቦታ አልተወላትም።

ይኼን ለእናቴ ስነግራት አልተደነቀችም። «በኮሮና ጊዜ ሆቴሉ ሲዘጋ ሁላችንንም ሐላት አወጡን» አለች። «እንግዳው ሲቀር ደስ ያለው ሰው አላየሁም። ይምጣ፤ ግን ሰላም ይበል።» ይህ የእናቴ ፍልስፍና አይደለም፤ የደሞዝ ጉዳይ ነው። አንቲጓም ኑሮዋ በአብዛኛው የቆመው በእንግዳ ገንዘብ ላይ ነው። «ከነጭራሹ አትሂጂ» የሚለው መልስ ለኅሊናዬ ይመቻል፤ ለአንሶላ አጣፊዋ ግን እንጀራ አይሆንም።

አንድ ማምለጫ ደግሞ ሞክሬ ነበር። ባለቤቴ መጀመሪያ የፈለገው ጃማይካን ነው። «እኛ እዚያ እንደ ማንኛውም ቱሪስት አይደለንም» ይላል። እውነትም ሚያዝያ 21 ቀን 1966 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ሲያርፉ የራስተፈሪያን ሕዝብ ማረፊያውን ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበ፤ ሞርቲመር ፕላኖ የተባለው ሽማግሌያቸው ወጥቶ መንገድ እስኪያስለቅቅ ድረስ ንጉሡ መውረድ አልቻሉም። እስከ ዛሬም ቀኑ ይከበራል። ኢትዮጵያ የሚለው ስም እዚያ ክብደት አለው። ግን ያንን ክብር ለቅናሽ መጠቀሚያ ማድረግ ያሳፍራል። ቆዳችን ከሻንጣችን ጋር አይከራከርም፦ ወጪያችን፣ ፓስፖርታችን፣ የመመለሻ ቲኬታችን የቱሪስት ነው። የኪንኬድ ቱሪስት በአብዛኛው የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ ነጭ ነው። እሷ ያላሰበችው ዓይነት አንባቢ ነኝ፤ ሆኖም ያ ነፃ አያወጣኝም።

ስለዚህ አንቲጓን መረጥን። ሆቴሉን ትተን ባለቤቷ የደሴቱ ሰው የሆነች አነስተኛ የእንግዳ ቤት ያዝን፤ ወጥ ቤት አለው፣ የኮሸሩንም ነገር ያቀልልናል። ዝርዝራችንም ተቀየረ። ባሕሩ አልቀረም፤ እኛም ሰው ነን። ነገር ግን በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረውን የኔልሰን የመርከብ ማደሻ ስናይ፣ የሠሩት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን መሆናቸውን አውቀን ነው። ቤቲስ ሆፕ የሚባለውን የድሮ ሸንኮራ እርሻ ከነንፋስ ወፍጮው እናያለን። ቤተ መጻሕፍቱንም ገብተን እናያለን።

መጽሐፉን ለማን እመክራለሁ? ቲኬት ገና ላልቆረጠ ሰው። ከተመለሱ በኋላ ማንበብ ጸጸት ብቻ ነው፤ አስቀድሞ ያነበበው ግን ቀኑን፣ ማደሪያውንና ዝርዝሩን ይቀይራል። ጉድለቱን ነግሬያችኋለሁ፤ ቢሆንም ካነበብኳቸው መመሪያዎች ሁሉ የበለጠ መመሪያ ሆኖኛል።

ኪንኬድ የመጀመሪያውን ክፍል ስትዘጋ፣ ሰው ሁሉ የአንድ ቦታ ተወላጅ ነው፣ ሁሉም ከዕለት ኑሮው ማረፍ ይፈልጋል፣ አብዛኛው ግን የመሄጃ ገንዘብ የለውም የሚል ሐሳብ ታነሣለች። ይህን ለእናቴ በአማርኛ አስረዳኋት። ሲኒውን እየሰበሰበች ሰማችኝ።

«እውነቷን ነው» አለች። «እኔንስ መቼ ነው የምትወስጂኝ?»

ለዐሥር ቀን ልጆቼን የምትጠብቅልኝ እሷ ናት። መልስ አልሰጠኋትም።